ወደ ጀላል ቤት የሚወስደው መንገድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎ ላይ ሲደርስ ጆሮው ድፍን ይላል። ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ ደግሞ ይከፈትለታል። ይህን የማያውቅ የደሴ ሰው የለም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሱሀይላ ከጠየቁት አንዷ ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ አራት ዓመት ሙሉ እጅጌ ስትሰፋ፣ በየማለዳው በሠራተኛ አውቶቡስ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳለች፤ በየምሽቱ ወጥታዋለች። አብረዋት የሚሳፈሩት ልጆች የጎደላቸውን እንቅልፍ ሲሞሉ እሷ በመስኮት እያየች ትገረማለች፤ ያልገባትን ትጠይቃለች። ደሴ ከኮምቦልቻ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደተቀመጠች፣ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ እየከበደ እንደሚሄድ፣ በጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ገና ቀላሉ የደሴ አየር እንደሆነ ያስረዳት የአውቶቡሱ ሾፌር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ሱሀይላ ከተቀነሱት ጋር ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ እናቷ ቤት ተቀምጣ ሥራ ስትፈልግ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ሐረጎና ስለ ጆሮ የምታውቀውን ሁሉ ጽፋ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። «ጆሯችን ደሴን ይዞ ይወርዳል፤ የሚለቃት ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው» ብሎ ይጀምራል። በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ተቀባበለው። በዚያ ዓመት ሰው ስለ ወሎ ስልኩ ላይ የሚያየው የተቃጠለ መኪናና የፈረሰ ግድግዳ ነበርና፣ ስለ ጆሮ የሚያጫውት ሰው መገኘቱ ደስ አሰኝቶት ይሆናል። ሱሀይላም ገጿን «ሐረጎ ቁልቁል» ብላ ሰየመችና የጉዞ ጦማሪ ሆነች።

አራሚዋ ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ኩታበር አስተምረው ነው ወደ ደሴ የገቡት። ዘመናዊ ስልክ ስለሌላቸው ጽሑፏን በወረቀት ገልብጣ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም በቀይ እስክሪብቶ ይወርዱበታል።

«'ውብ' የምትለዋን ቃል ስድስት ጊዜ ጽፈሻል» አሏት አንድ ቀን።

«ቦታው ውብ ስለሆነ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስድስት ጊዜ ውብ የሆነ ነገር የለም። ሙሽራ እንኳ ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ ቅጂ ትባላለች። ያየሽውን ጻፊ፤ ውብ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይድረስበት።»

ጦማሪነት የሚለመደው እንደ ስፌት ነው፤ ጣትን እየወጉ። ሱሀይላ የተወጋችባቸውን ቦታዎች በአንድ ደብተር ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ደጋን ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን ያቺን ከተማ ጎብኝታ ስለ ገበያዋ ስትጽፍ የገበያውን ቀን ተሳሳተች። አንድ አንባቢ ቤተሰቡን ይዞ ሄደና «ደጋን ገበያ ብለሽ ልከሽኝ ከውሻ በቀር የተቀበለኝ የለም፤ እሱም ደስ ብሎት አልነበረም» ብሎ ጻፈላት። ከሥሩ ሌላው «እህታችን የምትጽፈው ተኝታ ነው» አለ። ሱሀይላ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ አሰፈረች፦ መንገድ ሲጻፍ ማየት ለተሳነው ሰው እንደሚነገር ይጻፍ። መኪናው ከየት ይነሳል፣ መገንጠያው ምን ምልክት አለው፣ በእግር ስንት ሰዓት ነው። የጠየቀ ሁሉ በሰዓቱ መልስ ያግኝ።

ሁለተኛውን የተማረችው ከፎቶ ነው። ሰው የሌለበት ተራራና ሐይቅ ስትለጥፍ የሚያየው የለም። በሐይቅ መንገድ ላይ እንስራ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ስትስቅ አንስታ የለጠፈችው ግን እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ይህንንም ጻፈችው፦ ቦታን ሰው ያድርሰው፤ ሰውየውም ይሳቅ።

ሁለቱም ትምህርቶች ትክክል ነበሩ። እስካሁን ድረስ ስታገላብጣቸው ስህተት አታገኝባቸውም፤ የሚያስጨንቃትም ይኸው ነው።

በኅዳር ወር ወደ ቢስቲማ ሄደች። ከደሴ ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅ ደግሞ ሽቅብ በሌላ መኪና የሚደረስባት የወረባቦ ወረዳ ከተማ ናት። መኪናው የሚያወርድበት ቦታ ላይ ብዙዬ የምትባል ሴት ሻይ ትሸጣለች።

«ከደሴ ድረስ ምን ጠፍቶብሽ መጣሽ?» አለቻት ብዙዬ።

«የሚያምር ቦታ እየፈለግሁ ነው።»

«ቦታ እማ ሞልቷል፤ የጠፋን ሌላው ነው!» ብላ ሳቀችና ወደ ምሥራቅ በእጇ አመለከተቻት። «ሰንበሌጥ ሜዳ ሂጂ። መሬቱ ያልቅና ከሥር አፋር ይታይሻል። ጫማሽ ግን ለዚያ መንገድ አልተወለደም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ሱሀይላ እንደ ልማዷ እያንዳንዱን መታጠፊያ እየጻፈች ሄደች። በሜዳው ጫፍ ስትደርስ መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቁልጭ ብሎ ተቆርጧል፤ ከሥሩ እስከ ሰማዩ ዳርቻ ቡናማው የአፋር ሜዳ ተዘርግቷል። በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ጠርዙ ስትጠጋ ከኋላዋ ሳቅ ሰማች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሆነሽ መጥተሽ ፍየል ሆነሽ ልትቀሪ ነው?»

አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ነበር። ጀላል እባላለሁ አላት። ሜዳው ጫፍ ላይ ብቻዋን ወደቆመችው፣ ሰማያዊ በር ወዳላት ቤቱ ወሰዳት፤ ሚስቱ ዘሀራም እርጎ በቅል አቀረበችላት። ሱሀይላ ስልኳን ስታወጣ ግን ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔን ተይኝ። ተራራውን አንሺ፤ ተራራውን የሚፈልገው ሰው የለም።»

ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ዘሀራ ግን አልሳቀችም። «ፎቶ አይወድም፣ እህቴ። ተይው» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ጀላል የገደሉን መውጫ ሊያሳያት ይዟት ወጣ። እንደገና ስትዳኽ እንደገና ሳቀ፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ ሆኖ። ዞር ብላ አነሳችው። ሳቁ ወዲያው ተቋረጠ።

«አጥፊው።»

«ለራሴ ማስታወሻ ነው፣ አያ ጀላል። ወላሂ ለራሴ ነው።»

ረዘም ላለ ጊዜ አያት። «ለራስሽ ከሆነ እሺ» አለ በመጨረሻ፤ እንግዳ ማስቀየም የማይሆንለት ሰው ነበር።

ስትምል እውነቷን ነበር። ደሴ ተመልሳ ቅዳሜ ዕለት ጽሑፉን ስታዘጋጅ ግን የገደሉን ፎቶ ብታየው ብታየው ባዶ ሆነባት። የጀላልን ሳቅ አጠገቡ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቷ አንስታ አታውቅም። ሰውየው ዓይን አፋር ነው፤ ሲያየው ደስ ይለዋል ብላ ራሷን አሳመነች። ደግሞስ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ማን ያየዋል? ለጠፈችው።

ምሽቱን አስተያየት እንደ ዝናብ ወረደ። ከመካከላቸው «ሰላም ለሁሉ» በሚል ስም፣ በመልኩ ቦታ ጽጌረዳ አበባ ያደረገ አንድ ሰው ነበረበት።

«እህቴ፣ አላህ ይጨምርልሽ። ቦታው ልብ ይሰርቃል። በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

ሱሀይላ ደጋንን አስታወሰች። ተቀምጣ በጥንቃቄ ጻፈች፦ «በደስታ! ከደሴ መናኸሪያ የሐይቅ ሚኒባስ ይያዙ፤ ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ የሚወጣ መኪና አለ። ቢስቲማ ሲደርሱ ከገበያው ጀርባ በእግር ይውረዱ። ዋርካው ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙን ትተው ግራውን ይያዙ። ትንሿን ባለ ቆርቆሮ መስጊድ ሲያልፉ ደረቅ ወንዝ ያገኛሉ፤ ተሻግረው ሽቅብ ይውጡ። በሜዳው ጫፍ ሰማያዊ በር ያላት ብቸኛ ቤት እሷ ናት። ቢጠፋብዎት ይጻፉልኝ።»

«ሰውየው ሁልጊዜ እዚያ ይገኛል?»

«አዎ! ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ጀምሮ ከቤቱ አይርቅም። እንግዳ ይወዳል።»

«ጀዛኪላህ» አለ ጠያቂው። ሱሀይላ ከሥሩ ቀይ ልብ አደረገችለት።

ያን ሳምንት ጋሽ ፈንታሁን ኮምቦልቻ ሴት ልጃቸው ጋ ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመለሱ ሱሀይላ ስልኳን ይዛ ሮጠች። መነጽራቸውን ጠርገው ገጹን አዩ። ፊታቸው እንደ ፈረሰ ግንብ ወረደ።

«ይህን ሰው የት አገኘሽው?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«አስተምሬዋለሁ። እሱ የገደለውንም ልጅ አስተምሬዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የነገሯት ይህን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ኩታበር ውስጥ ጀላልና ካሊድ የሚባል ጎረቤቱ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ። ዱላ ተማዘዙ፣ ካሊድ ሞተ። ጀላል እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ወደ ቀዬው አልተመለሰም፤ የመንግሥት ፍርድ አለቀ ማለት ደሙ ደረቀ ማለት አይደለምና። በወሎ ደም የሚያደርቁት አበጋሮች ናቸው፤ እስላምና ክርስቲያን የሚሰማቸው፣ ዱዓቸውና እርግማናቸው የሚፈራ ሽማግሌዎች። ሥራቸው አስደናቂ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የሟችን ወገን ደጅ እየጠኑ፣ ሲባረሩ እየተመለሱ፣ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ገዳይ የሟች ዘመድ በሚያየው ቦታ አይታይም። በአንድ ገበያ አይቆምም፣ ከአንድ ውሃ አይቀዳም። ይህ ለራሱ ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ «ሐዘናችሁን አውቄ ጎንብሻለሁ» ማለትም ነው።

«የካሊድ እናት እሺ ብላ ነበር» አሉ ጋሽ ፈንታሁን። «ሌላው ልጇ፣ የካሊድ ታናሽ ወንድም፣ አሻፈረኝ ሲል 'እኔ ወላጁ ከማርኩ አንተ ማን ነህ' ብላ በቃል ያሰረችው እሷ ነች። ለረጀብ ወር ቀጠሮ ተይዟል። ሁለት ወር ነበር የቀረው።»

«ታዲያ እሺ ካለች...»

«ታዲያማ አሁን ምን አየች? የልጇ ገዳይ ጥርሱን ገልጦ ሲስቅ። አንቺ ሳቅ አልሽው፤ እሷ ዘንድ ግን ይህ በልጇ መቃብር ላይ መቆም ነው።» ስልኩን መለሱላት። «ቦታውን ጽፈሻል?»

ሱሀይላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«መንገዱንስ?»

ስልኩን ሰጠቻቸው። ጋሽ ፈንታሁን የሠላሳ ዓመት ልማዳቸው ሆኖ በከንፈራቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ሰላም ለሁሉን፣ ዋርካውን፣ ሰማያዊውን በር፣ ሱብሂን።

«በደንብ ነው የጻፍሽው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም የሚታረም የለውም።»

እዚያው ቆማ አጠፋችው። ጀላል ስልክ አልነበረውም፤ ለምን እንዳልያዘም አሁን ገባት። ጋሽ ፈንታሁን በጎረቤት ስልክ ወደ ኩታበር እየደወሉ አበጋሮቹን ሲያፈላልጉ፣ እሷ በማግስቱ እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሐይቅ ተሳፈረች። እንድትደርስ፣ አንዲት ቃል እንድትነግረው፣ ከዚያ ቤት እንዲወጣ ብቻ ነበር የምትለምነው።

ቢስቲማ ስትወርድ ብዙዬ ገና ከሩቅ አይታት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

«ለቅሶ ልትደርሺ መጣሽ? አላህ ይስጥሽ፤ ሰው ነሽ።»

«የማን ለቅሶ?»

«አልሰማሽም እንዴ? የአያ ጀላል ነዋ። አርብ ለሱብሂ ውዱእ ሊያደርግ ውሃ ይዞ ሲወጣ ገደሉት።» ብዙዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ሐሙስ ነው የመጡት። ሦስት ናቸው፤ እዚሁ አንቺ የቆምሽበት ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ። ወዴት ናችሁ ብላቸው ሰንበሌጥ ሜዳን ልናይ አሉኝ። መንገዱን ላመላክታችሁ ብል 'እናውቀዋለን' አሉ። አንደኛው ስልኩን እያየ 'ዋርካው ጋ ግራውን ነው' ይላቸዋል። እኔ ሞኟ ያንቺ አንባቢዎች መስለውኝ ደስ አለኝ። 'እቺ ልጅ አገራችንን አስጎበኘችልን' አልኳቸው።»

ሱሀይላ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። መንገዱን ግን ታስታውሳለች፤ የጻፈችው እሷ ናትና። ከገበያው ጀርባ ወረደች። ዋርካው ጋ ቀኙን ትታ ግራውን ያዘች። ትንሿን መስጊድ አለፈች። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ የብዙ ሰው ዱካ ነበር፤ የትኛው የለቀስተኛ፣ የትኛው የእነዚያ እንደሆነ አይለይም። ሁሉም በእሷ ቃል ልክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ሽቅብ ወጣች። ሰማያዊው በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

ቀኑ ሦስተኛው ነበር። በለቅሶ የሚረዳዳው የአካባቢው ቅሬ አባላት፣ ጥቂት ሰዎች፣ ከደጅ ተቀምጠዋል። ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለችና ለየቻት።

«ፎቶ አንሺዋ ልጅ!» አለች። «ነይ፣ እህቴ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ... ነይ ተቀመጪ።»

ሱሀይላ ተንበረከከች። ዘሀራ እጇን ያዘቻትና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ያኔ ገደሉ ጋ ያነሳሽው አለሽ አይደል? ሰባት ዓመት ሙሉ እኮ ፎቶ አልተነሳም። ፊቱ ከዓይኔ ቢጠፋ የማይበት የለኝም። አለሽ?»

«አለኝ፣ እቴ ዘሀራ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሱሀይላ እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዘሀራ አንባቢ አይደለችም፤ ብዙዬም እስካሁን አላወቀችም። እጇን የያዘው እጅ ግን ሞቃት ነበር፤ የሚያምናት ሰው እጅ ነበር። ሁሉንም ነገረቻት። ፎቶውን እንደለጠፈች፣ አንድ ሰው መንገድ እንደጠየቃት፣ እሷም እንደመለሰች። በሩን ሳይቀር እንደጻፈች።

ዘሀራ እጇን አላራቀችም፤ እጇ ግን በሱሀይላ እጅ ላይ ቀስ በቀስ ሕይወት እንደሌለው ነገር ከበደ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

«ለራሴ ነው ብለሽው ነበር» አለች ዘሀራ።

«አዎ።»

«ማታ ስንተኛ 'ልጅቷ ምላለች' አለኝ። ጨንቆኝ ስጠይቀው እኮ ነው።»

ሱሀይላ አለቀሰች። ዘሀራ አላለቀሰችም። በተገነጠለው በር በኩል ወደ ሜዳው ዞረች።

«አሳትመሽ ላኪልኝ» አለች በመጨረሻ። «ትልቅ አድርገሽ። አንቺ ግን አትምጪ፤ በሰው ላኪው።»

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ያሳተመላት ወጣት ምስሉን ወደ ብርሃን አንስቶ ፈገግ አለ። «ሳቁ ይጋባል! ከኋላው አበባ ላድርግበት?» አላት። «እንዳለ ይሁን» አለችው። በካርቶን ጠቅልላ በሾፌር እጅ ለብዙዬ ላከችው። ከኩታበር የመጣው ወሬ ግን የሚላክበት ቦታ አልነበረውም። ፖሊስ የካሊድን ታናሽ ወንድም ይዞታል። የጀላል የወንድም ልጆች ደግሞ ደሙን እስኪመልሱ ድረስ ፀጉራቸውን ላለመቆረጥ ምለዋል። አበጋሮቹ፣ ጋሽ ፈንታሁን እንዳሉት፣ አሁን ሁለት ደም ይዘው ከመጀመሪያው ደጅ ጀምረዋል። የረጀቡ ቀጠሮ ፈርሷል።

«ሐረጎ ቁልቁል» አልተዘጋም፤ አዲስ ጽሑፍ ግን አይወጣበትም። ስለ ጆሮ የጻፈችው አሁንም ከሰው ሰው ይዘዋወራል። አልፎ አልፎ አንድ ሰው «እህቴ፣ የአፋርን ሜዳ ከላይ የሚያሳየው ቦታ በየት ነበር?» ብሎ ይጽፍላታል። ምናልባት ከልቡ አገር ማየት የሚወድ ሰው ነው። እንደ እሷ ያለ። ሱሀይላ ታነበዋለች፤ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።

ፎቶው በደረሰ በሳምንቱ ብዙዬ ደወለችላት። ድምፅዋ የድሮው አልነበረም፤ ነገሩን ሰምታለች።

«ሰጥቻታለሁ» አለች ባጭሩ።

«ምን አለች?»

«ምንም። ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። በሩን አስገጥማዋለች። ቀለሙንም ቀይራዋለች።»

ሱሀይላ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው።